እስከ ሚሌ ያልዘለቀ ሳቅ

ሚሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። የተማሪዎቼን ደብተር እይዝና ከጉምሩክ ኬላው ወዲህ፣ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ዳስ ሥር እቀመጣለሁ። ከጅቡቲ ጭነው የሚወጡት ተሳቢዎች ተራ ይዘው የሚቆሙት እዚያው ፊት ለፊት ስለሆነ ከብዙ ሾፌሮች ጋር ተዋውቄአለሁ። አንደኛው ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ የአዳማ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ መጽሐፍ እየገዙ ያመጡልኛል፤ እኔ ደግሞ ፍላሻቸው ላይ ትረካ እጭንላቸዋለሁ። ባለፈው የጫንኩላቸው ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ የፍቅር ኮሜዲ ነበር፤ ርዕሱንም የሠሩትንም ሰዎች እዚህ አልጠራም። በዚህኛው ጉዞ፣ ወረቀታቸው እስኪያልቅ፣ የሎጊያ ልጅ ከሆነው አፋር ረዳታቸው ጋር መጥተው ተቀመጡ። ሻይ ከማዘዛቸው በፊት ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሾፌሩ፦ እንቺ፣ መምህርት። አጥፊውና ሌላ ጫኚበት።

እኔ፦ ጋሼ፣ አልወደዱትም ማለት ነው?

ሾፌሩ፦ አልወደድኩትም ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የማይወደድ መጽሐፍ ሞልቷል፤ ትዘጊዋለሽ፣ ትረሺዋለሽ። በዚህ ግን አዘንኩ። ቀጥሮኝ የቀረ ሰው ሆነብኝ።

እኔ፦ ቀለል ያለ ነገር ስላሉኝ እኮ ነው የመረጥኩልዎ። «የሚያስለቅስ አትጫኚብኝ» ብለውኝ ነበር።

ሾፌሩ፦ ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። ሐዘን ጋቢናዬ ውስጥ አልፈልግም፤ መንገዱ ራሱ ያመጣዋል። የተገለበጠ መኪና ሳላይ የተመለስኩበት ጉዞ ጥቂት ነው። የምፈልገው ሁለት ሰዎች ተዋደው፣ ተጣልተው፣ ሲታረቁ እየሰማሁ፣ በመሃል እየሳቅኩ፣ እንቅልፌን አባርሬ በሰላም መግባት ነው። ይኼ ትንሽ ነገር ነው?

እኔ፦ ትልቅ ነገር ነው።

ሾፌሩ፦ አየሽ፣ ለዚያ ነው ያዘንኩት። ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ቢያሳዝነኝ ግድ የለም፣ «አልገባኝም ይሆናል» እላለሁ። ይኼ ግን «ላስቅህ መጣሁ» ብሎ ነው የገባው።

እኔ፦ የት ላይ ነው የከሸፈብዎ?

ሾፌሩ፦ ከአዳማ ስወጣ ጀመርኩት። አጀማመሩ ደስ ይላል። ልጅቱ ቦሌ ኬክ ቤት አላት። ልጁ እዚያው ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቡና ይደፋባታል፣ ይሰዳደባሉ። መተሐራ ላይ፣ የበሰቃን ሐይቅ ዳር ይዤ ስነዳ፣ ተዋደዱ። ጥሩ አልኩ። አዋሽ ሰባት ሳልደርስ አንድ የስልክ መልእክት በስህተት ለሌላ ሰው ተልኮ ተጣሉ። ከዚያ እስከ ገዋኔ አልተነጋገሩም። መምህርት፣ ከአዋሽ እስከ ገዋኔ በተሳቢ ምን ያህል እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንዴ ቢደዋወሉ እኮ ነገሩ ያበቃል! ቦሌ ቁጭ ብለው፣ ኔትወርክ ሞልቷቸው፣ አይደዋወሉም። እኔ ሚስቴን ለማግኘት ከመኪና ወርጄ ጉብታ እወጣለሁ።

ረዳቱ፦ መሪውን ይመቱ ነበር። «ደውልላት እንጂ!» እያሉ።

እኔ፦ እውነትዎን ነው። የፍቅር ኮሜዲ የሚቆመው በእንቅፋቱ ነው። መንግሥቱ ለማን ይውሰዱ። «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የተባሉ ሁለት ኮሜዲዎች ጽፈዋል፤ ሁለቱም የጋብቻ ታሪክ ናቸው። በአንደኛው መሃል ላይ የቆመው ጠለፋ ነው፣ በሌላው የዘርና የማዕረግ ነገር። በዚያ ዘመን ሰው የሚሞትባቸው፣ ቤተሰብ የሚቆራረጥባቸው ጉዳዮች ናቸው። ተመልካቹ ግን ሳቀ። የሳቀው እንቅፋቱ ትንሽ ስለሆነ አይመስለኝም። በየቤቱ ያለውን ግድግዳ መድረክ ላይ ስላየው ነው።

ሾፌሩ፦ እኛም ቤት ነበረ። የሚስቴ አባት «ሾፌር የት እንዳለ አይታወቅም፣ ልጄን አልሰጥም» ብለው ሁለት ዓመት ከለከሉኝ። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹን ያመጣኋቸው በራሴ አይሱዙ ነው፤ እኔ ደጅ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። አባቷ እንደለመዱት «የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው…» ብለው ሲጀምሩ አንደኛው ሽማግሌ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱና «የት እንዳለማ ይታወቃል፤ ደጅዎ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሟል» አሏቸው። ተሳቀ፤ አለቀ። እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ይወራል። ያ ሁለት ዓመት ግን ሲያልፍ ቀላል አልነበረም።

እኔ፦ ያ ሁለት ዓመት ባይኖር የሽማግሌው ንግግር አያስቅም ነበር።

ሾፌሩ፦ ልክ ነሽ። እዚህ ግን ሁለት ዓመቱ የለም። የሌለውን ነገር በሙዚቃ ሊሞሉት ፈለጉ። አንድ ሰው ቀልድ በተናገረ ቁጥር ከኋላው የሳቅ ድምፅ ይለቀቃል። ጋቢና ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም አልሳቅንም። የማላውቃቸው ሰዎች ግን ጆሮዬ ሥር ይንከተከታሉ። እንግዳ ቤት ገብተሽ ሁሉም በማታውቂው ነገር ሲስቅ የሚሰማሽ ብቸኝነት አለ አይደል? እንደዚያ ነው።

ረዳቱ፦ እኔ ፍጥነቱን እንጨምረው ብዬ ነበር። አንድ ተኩል ላይ ቢደረግ ቶሎ ያልቃል።

ሾፌሩ፦ ጨመርነው እኮ። ሁሉም ሰው የተቆጣ መሰለ።

እኔ፦ ይኼ የጆሮ ነገር ነው፣ ጋሼ። መጽሐፉን በእጄ ይዤው ቢሆን ኖሮ እነዚያን ምዕራፎች ሁለት ሦስት ገጽ እያለፍኩ በግማሽ ሰዓት እጨርሳቸው ነበር፤ ምናልባትም ክፉ አልልም። ዓይን ይዘላል፣ ይመለሳል፣ የሰለቸውን በጎን ያልፈዋል። ጆሮ ግን ተራኪው በሄደበት ነው የሚሄደው። እርስዎ ደግሞ ሁለቱም እጅዎ መሪ ላይ ነው።

ሾፌሩ፦ እግሬም ሥራ ላይ ነው።

እኔ፦ የድምፅ መጽሐፍ ሲጀመርም የታሰበው እንዲሁ መዝለል ለማይችል ሰው ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮችና ለሌሎች ዓይነ ስውራን ተብሎ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. መጻሕፍት በሸክላ ተቀርፀው መታደል ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የአጋታ ክሪስቲ የወንጀል ልቦለድ ነበር። አዩ? ቀለል ያለ፣ የሚያጓጓ መጽሐፍ። ማንም «ለእነዚህ ሰዎች ቁም ነገር ብቻ ይነበብላቸው» አላለም። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዱቫል ሄክት የሚባል አሜሪካዊ፣ በየቀኑ ከቤቱ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሲነዳ የራዲዮው ዝባዝንኬ አንገፍግፎት፣ ሙሉ መጽሐፍ በካሴት እየቀዳ የሚያከራይ ድርጅት አቋቋመ። እሱ ያሰበው እንደ እርስዎ መሪ የያዘን ሰው ነው።

ሾፌሩ፦ እኛ ግን ማንንም አልጠበቅንም። እኔ ረዳት ሳለሁ የአሰብ መስመር ነበር የምንሠራው፤ ያኔም ሚሌን ሳትረግጪ አታልፊም። ሾፌሬ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ያነበበውን አንድ ሰው በካሴት ቀድቶለት ነበር። ቴፑ በሙቀት ሲሰለብ በእርሳስ እየጠመጠምን እናስተካክለዋለን። የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት ሲያነብልሽ፣ ያ ዘር ቆጠራ፣ ያ መንቀባረር! ሾፌሬ እያነባ ይስቅ ነበር። ጉዱ ካሣ ሲመጣ ደግሞ ድምፁ ሌላ ነው፤ ሰውየው ጋቢናው ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ የተቀመጠ ይመስልሻል። አንድም የተለቀቀ የሳቅ ድምፅ የለም፣ ሰው ብቻ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ያ መጽሐፍ ኮሜዲ ነው?

እኔ፦ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ጀምሮ አንባቢ ያለቀሰበት መጽሐፍ ነው። ስሙ ራሱ ወዴት እንደሚወስድዎ ይነግርዎታል።

ሾፌሩ፦ እኔ በእሱ የሳቅኩትን ያህል በዚህ አልሳቅኩም። ይኼ ነው የከነከነኝ።

እኔ፦ ግን ጋሼ፣ እዚህ ላይ እከራከርዎታለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁን ከአንድ ቀላል የፍቅር ኮሜዲ ጋር ማወዳደር አግባብ አይደለም። እንዲያ ከሆነ ቀለል ያለ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው አይኖረንም። እኔ ይህን ዓይነት መጽሐፍ እወደዋለሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ በፍላጎታቸው የሚያነቡት እሱን ነው። ከዚያ ነው ወደ ሌላው የሚያልፉት፤ ባያልፉም አንብበዋል። አዲስ አበባ ሲኒማ በር ላይ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚል ፖስተር ሲታይ ሰው የሚሰለፈው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ የከበደው ሰው ነው። ሁሉም ነገር ከባድ ይሁን ብንል እሱን ሰው የት እንልከዋለን?

ሾፌሩ፦ እኔ መቼ ከባድ ይሁን አልኩ? እንዲያውም አንቺ ነሽ ያሳነስሽው። «ቀላል ነውና አትውቀሰው» እያልሽኝ ነው። እኔ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ነው የምወቅሰው። ኮንቴይነር ብጭን ሚዛኑ ትንሽ ወደ ግራ ቢያደላ መኪናው ይችለዋል። እንቁላል የጫነ ሰው ግን በየጉድጓዱ እየቆመ ነው የሚያልፈው። የትኛው ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው?

ለዚህ ወዲያው መልስ አላገኘሁም። ሻይ መጣ። ረዳቱ ሃይላንዱን ከፍቶ ግማሹን አናቱ ላይ አፈሰሰው፤ ግማሹን ጠጣው።

እኔ፦ አንድ ነገር አስታወሱኝ። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ተብሎ የሚቆጠረው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የቀረበ። እንስሳት እየተናገሩ የሚያስቁበት ጨዋታ ነው። መኳንንቱ አይተው ነገሩ ስለገባቸው ታገደ። ከመቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። ቴአትራችን አሐዱ ያለው በሳቅ ነው፤ ያም ሳቅ ባለሥልጣን አስደንግጧል። ስለዚህ ቀላል ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል ሲሉ፣ እሺ፣ ተቀብያለሁ።

ሾፌሩ፦ ዋናውን ገና አልነገርኩሽም።

ረዳቱ፦ ስለ ሾፌሩ ይንገሯት።

ሾፌሩ፦ ከገዋኔ ወጥተን አዳይቱ ከመድረሳችን በፊት ነው። ለኬክ ቤቱ ዱቄትና ስኳር የሚያመጣ አንድ ሰው አለ። ስም አልሰጡትም፤ «ሹፌሩ» ነው የሚባለው። ጫት ጉንጩ ላይ ወጥሮ ይጮኻል፣ አስተናጋጆቹን ይለክፋል፣ ሒሳብ ያምታታል። ተራኪው ለእሱ ሲሆን ድምፁን ያጎረንነዋል፣ የገጠር ዘዬ ያበጅለታል። አፉን በከፈተ ቁጥር ከኋላ ሳቁ ይለቀቃል። እኔ መሪ ይዣለሁ። ይኼ ልጅ አጠገቤ ነው። እኔ ወደ እሱ አላየሁም፣ እሱም ወደ መስኮቱ ዞረ።

ረዳቱ፦ ላጠፋው ፈልጌ ነበር። ካጠፋሁት ደግሞ መስማቴን ያውቃሉ ብዬ ተውኩት።

ሾፌሩ፦ አየሽ? ለመሳቅ የተቀመጥን ሁለት ሰዎች ተፋፈርን። ጫት ቅሜ አላውቅም አልልሽም። እጮኻለሁም፤ ቤቴ ገብቼ «ቀስ በል፣ ልጆቹ ተኝተዋል» እባላለሁ። የምጮኸው ግን ጆሮዬ በሞተር ድምፅ ግማሹ ስለሄደ ነው። ይኼን የጻፈው ሰው መጮኹን ነው ያወቀው። ለምን እንደሚጮኽ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቅ እኮ ከዚህ የበለጠ ያስቅ ነበር! ልጅቱ የሆዷን የምታዋየው ሰው አጥታ፣ ለዚያ ዱቄት ላመጣላት ሰው ፍቅሯን በሹክሹክታ ትነግረዋለች። እሱ ግማሹን አይሰማም። ባይሰማም ግን ያዝንላታልና መመለስ አለበት፤ ጮክ ብሎ «ታዲያ ከወደድሽው ለምን አትነግሪውም!» ይላታል። ኬክ ቤቱ ሙሉ ይሰማል። ልጁም ደረጃ ላይ ቆሞ ይሰማል። ይኼ አያስቅም?

ሻይ የምታፈላው ሴት ከጀበናዋ ቀና ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ረዳቱ ግን ይህን ከዚህ ቀደም የሰማው ይመስላል፤ ፈገግ ብሎ ሾፌሩን ያያቸዋል።

እኔ፦ ያስቃል። ሰውየው ላይም አያስቅም፤ ከሰውየው ጋር ነው የሚያስቀው።

ረዳቱ፦ እኔ የማስበው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ዳጉ አለ፣ ታውቂዋለሽ፤ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ፣ ቢቸኩልም፣ ቁጭ ብሎ ወሬ ይሰጣጣል። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይናገራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን አለፈ። ያየኸውን «አየሁ»፣ የሰማኸውን «ሰማሁ» ብለህ ትለያለህ። ምክንያቱም የሰማህ ሰው ተነሥቶ ግመሉን ወደዚያ ይነዳል። የሌለ ዝናብ ከነገርከው ከብቱ ያልቃል። የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው አያገኝም።

እኔ፦ ልቦለድ ግን የፈጠራ መሆኑን ሰሚው አስቀድሞ ያውቃል። በዳጉ ሕግ ልንዳኘው እንችላለን?

ረዳቱ፦ ልጅቱ እንደሌለች አውቃለሁ። በእሷ ማንም አልተታለለም። ሾፌሩን ግን «አየሁ» ብሎ ነው የነገረን። አላየውም። ከሰው የሰማውን ነው።

ይህን ሲል ደብተር የማርምበትን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት ሁሉ እዚህ ቃል ላይ አይደርስም።

ሾፌሩ፦ ይኼ ልጅ ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ግን እንዲህ ነው።

እኔ፦ በረሃ ላይ የሰሙት ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይጣበቃል መሰለኝ። ከዚህ ሩቅ ባልሆነው ሐዳር፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ያቺ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ስትገኝ፣ ተመራማሪዎቹ ማታ ድንኳናቸው ውስጥ በቴፕ የቢትልስን ዘፈን ደጋግመው ሲሰሙ ነበር። ሉሲ የተባለችው ከዚያ ነው። እኛ ድንቅነሽ አልናት፤ የፈረንጁ ዓለም ግን እስከ ዛሬ የሚጠራት ካሴት ላይ በነበረው ስም ነው። አስቡት፣ ያን ምሽት ሌላ ካሴት ቢከፍቱ ኖሮ።

ሾፌሩ፦ ይጣበቃል፣ እውነት ነው። ያ የሳቅ ድምፅ እስከ ዲቾቶ አልለቀቀኝም።

እኔ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ሳልሰማው ነው የጫንኩልዎ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሰማሁና ጥሩ ነው አልኩ። የአንባቢዋ ድምፅም ደስ ይል ነበር፤ የልጅቱን ክፍል ማለቴ ነው።

ሾፌሩ፦ የእሷ ጥሩ ነው። እሷን አልወቅስም። ወንዶቹን የሚያነበው ነው ሁሉንም በአንድ አፍ የተናገረው። ደግሞ ይቅርታ አትበይኝ፤ መንገድ ላይ ባዶ ጆሮ ይዤ እንዳልሄድ ነው የሠራሽልኝ። ከመተሐራ ወዲያ የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም አይዝም። ሸገር 102.1 ላይ ትረካ ሲጀመር እየሰማሁ ወጥቼ ስንት ታሪክ መሃል ላይ ተቆርጦብኛል መሰለሽ። እኔና ሚስቴ እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ መጨረሻውን እሷ ቤት ሆና ትሰማና በስልክ ትነግረኛለች።

እኔ፦ ይነጋገሩበታል እንዴ?

ሾፌሩ፦ ሌላ ምን እናወራለን? በዓመት ውስጥ አዳማ የማድርበትን ሌሊት ብትቆጥሪው ያሳፍራል። ስለ ልጆቹና ስለ ብር ስናወራ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ከዚያ ዝም እንባባላለን። ታሪክ ሲኖር ግን ረጅም ነው። የሰማሁትን እየቆረስኩ እነግራታለሁ። አዋሽ ቆሜ አንዱን፣ ገዋኔ ቆሜ አንዱን፣ እዚህ ሚሌ ላይ ሌላውን። እሷ «ከዚያስ?» ትላለች። እኔ መኪና የምነዳው በዚያች «ከዚያስ» ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

እኔ፦ ይህኛውንስ?

ሾፌሩ፦ አዋሽ ላይ መዋደዳቸውን ነገርኳት፤ ደስ አላት። ገዋኔ ላይ ደወልኩ። «ከዚያስ?» አለች። «ምንም» አልኳት። «ምን ማለት ነው ምንም?» «አልተደዋወሉም።» ዝም አለች። ከዚያ «ደክሞሃል? አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። ታሪኩ ባዶ መሆኑን አላወቀችም፤ እኔ የታመምኩ መሰላት። መምህርት፣ በዚህ መጽሐፍ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅያሜ ይኼ ነው። ወደ ቤቴ ይዤው የምገባውን ነገር አሳጣኝ።

እኔ፦ ታዲያ ምን አደረጉ?

ረዳቱ፦ ፈጠሩ።

ሾፌሩ፦ ምን ላድርግ? ሚሌ ላይ ስደውል የሾፌሩን ነገር እንደነገርኩሽ አድርጌ ነገርኳት። ስም ሰጠሁት፤ የድሮ ሾፌሬን ስም። ሳቀች፣ «ይኼማ አንተ ነህ» አለችኝ። ከዚያ እንቅፋቱን ቀየርኩት። የስልክ መልእክቱን አወጣሁት። ልጁ የሒሳብ ሠራተኛ ነው ብለውን የለም? ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አንድ ቀን ሒሳብ ሲሠራ አልሰማነውም። እኔ አሠራሁት። ልጅቱ የኬክ ቤቷን መዝገብ ታመጣለታለች፤ ፍቅር እንደያዛት ለማሳየት እንጂ ሒሳቡ አስጨንቋት አይደለም። እሱ ይመረምርና ቤቱ ከስሯል፣ ሁለት ወር አይቆይም። ቤቱን ደግሞ የከፈተላት አባቷ ነው፣ በጡረታው ገንዘብ። አባትየው በየጠዋቱ መጥቶ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር በጣቱ እየቆጠረ ይደሰታል። ልጁ እውነቱን ቢናገር ሽማግሌውን ይሰብረዋል። ቢደብቅ ልጅቱን እየዋሸ ሊወዳት ነው። እሺ፣ አሁን ይደውል!

እኔ፦ ጋሼ… ይኼ እኮ ከባድ ነው።

ሾፌሩ፦ ከባድ አይደለም! ስሚኝ። ልጁ መናገር ሲያቅተው ምን ያደርጋል? ሒሳቡ እንዲቃና ራሱ ኬክ መግዛት ይጀምራል። በቀን ሦስት፣ አራት። ጣፋጭ አይወድም እኮ። ለቢሮ ጠባቂዎች ያድላል፣ ለሊስትሮዎች ያድላል፣ ጠባቂዎቹ «ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳ ዳቦ ቢሆን» ይሉታል። አባትየው ደግሞ ጥግ ላይ ሆኖ «ይኼ ልጅ እንዴት ያለ የኬክ አፍቃሪ ነው» እያለ ይቆጥራል። ሚስቴ እዚህ ላይ ስትስቅ ልጆቹ ተነሡ።

ዳሱ ሥር የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ደብተሮቹን ገፋ አድርጌ ጠጋ አልኩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንቅፋት ምን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የጠባቂዎቹን ዳቦ ግን አላመጣውም ነበር።

እኔ፦ መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማን ቁጭ አድርገው፣ የነገሯቸውን በቴፕ ቀርፀው፣ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳትመዋል። የሚነበበው አለቃ ሲናገሩ ነው፤ ድምፃቸው ገጹ ላይ አለ። ይህን የእርስዎን ለምን በስልክዎ አንቀርፀውም? እኔ እጽፈዋለሁ።

ሾፌሩ፦ ተይው። ይኼ ለእሷ ነው።

እኔ፦ መጨረሻውስ? ሽማግሌው ያውቃል?

ሾፌሩ፦ አላለቀም። ዛሬ ማታ አዋሽ ነው የማድረው። እዚያ እስክደርስ አስብበታለሁ። አባትየው ገና ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር ልል ፈልጌ፣ ያ ደግሞ የተለመደ መሰለኝ። ይኼ ልጅ ሌላ ሐሳብ አለው።

ረዳቱ፦ ሾፌሩ ነው የሚነግራቸው። ለሽማግሌው ቀስ ብሎ ሊነግር ይፈልጋል፣ ቀስ ብሎ መናገር ግን አይችልም።

ሾፌሩ፦ ይኼውልሽ።

የጉምሩክ ወረቀት የያዘው ትራንዚተር ከኬላው በኩል እጁን አወዛወዘ። ሾፌሩ ሻይዋን ጨልጠው ተነሡ፤ ረዳቱ ቀድሞ ወደ ተሳቢው ሮጠ። ፍላሹን ወደ እኔ ገፉት።

እኔ፦ በሚቀጥለው ምን ልጫንልዎ? አንድ ታሪካዊ ልቦለድ አለኝ፣ በጣም ጥሩ ነው። አንባቢውም…

ሾፌሩ፦ የለም፣ የለም። የፍቅር ኮሜዲ ይሁን። ቀለል ያለ። የሚያስለቅስ አትጫኚብኝ። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ሰምተሽው።

ሞተሩ ተነሣ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው መሪውን ሲጠመዝዙ፣ የመንገዱ ዳር ሁሉ ድምፃቸውን ሰማ።

«ትሰሚኛለሽ? አዎ፣ ወጣሁ፣ ከሚሌ ወጣሁ! ቆይ፣ ሽማግሌው ገና አልሰማም! ሾፌሩ ዱቄቱን አራግፎ ኬክ ቤቱ በር ላይ ቆሟል!»